ሳራ ሲሏት የማትሰማው ሲቲ

ሲቲ ይመር ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ ይዛ የመጣችው አንዲት ቦርሳ፣ ደላላ የጨመረላት ዕድሜና አንድ ጀግና ነበር። ቦርሳዋን ፈታሾች ገለበጡት። ዕድሜዋ በፓስፖርቷ ላይ አምሮ ስለተጻፈ ማንም አልጠረጠረውም። ጀግናውን ያየባት ግን አልነበረም፤ ቢያዩት ኖሮ ከበሩ ይመልሷት ነበር።

ዘመኑ ደላሎች የወሎን ቀበሌዎች ፍሬው እንደ በሰለ ዛፍ የሚያራግፉበት ነው። በትግል ነፃ ይወጣል ተብሎ ስንት ወረቀት የተበተነለት ሰፊው ሕዝብ፣ ነፃ መውጫው ቪዛ መሆኑን በራሱ ንቃተ ህሊና ደርሶበት፣ ሴት ልጆቹን በአውቶቡስ እየጫነ ይሸኛል። ሌሎቹ ልጃገረዶች የያዙት የእናት ዱዓና የጎረቤት ስልክ ቁጥር ነው። ሲቲ በዚያ ላይ ቅድመ አያቷን ሐሩን አባ ቦራን ጨመረችበት። እንዲህ ያለ ጓዝ ደግሞ ይከብዳል።

ሐሩን የወረ ገልማ ጎሳ አለቃ ነበሩ፤ ቦራ የፈረሳቸው ስም ነው። እንደ ደንበኛ ጀግና ጦር ወርውረው ምሽግ ሰብረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባንዱ አደባባይ ላይ ቆመው እርግብ ያርፍባቸው ነበር። የእሳቸው አመፅ ግን አለመስማት ነው። ከመሃል አገር የተሾመባቸው ገዢ የአገሬውን ስም አንድ በአንድ መያዝ ታከተውና ወንዱን ሁሉ «ገብሬ»፣ ሴቱን ሁሉ «አስካለ» ብሎ ጠቀለለው። ሐሩን ጎሳውን ዋርካ ሥር ሰበሰቡና ሕግ ደነገጉ፤ አባቱ ባወጣለት ስም ያልተጠራ ሰው አልተጠራም። በማግስቱ አዋጅ ነጋሪው «ገብሬ ሆይ፣ ግብርህን አግባ!» እያለ ነጋሪት ሲጎስም ሸለቆው በሙሉ ደነቆረ። አራሹ ማረሱን፣ ፈታይዋ መፍተሏን ቀጠሉ። አንዱን ይዘው እየገረፉ «ስትጠራ ለምን አትሰማም?» ቢሉት፣ «ማን? እኔን ነው እንዴ?» አለ ይባላል። ግብሩም በዚያ ዓመት ሳይገባ ቀረ፤ በሚቀጥለውም።

ሕጉ ሁለተኛ ክፍል ነበረው። በስሙ ለጠራው፣ ጠላቱም ቢሆን፣ አቤት ይበል፤ በስም የጠራ ሰው ሰውነትን አውቋልና። ይህኛው ክፍል በወረ ገልማ ዘንድ ልጅን ውኃ ለመላክ ካልሆነ በቀር ብዙም አይነሳም። ጀግኖች ካስተማሩት ውስጥ የሚመቸው ተመርጦ መወረሱ የታወቀ ነው።

ሲቲ የወረሰችውን ግን ያለ ምርጫ ወረሰች። አምስተኛ ክፍል ሳለች መምህሩ «አንቺ ባለ ቢጫ ሻሽ» እያለ ስም ሲቆጣጠር ድምጿን አታሰማም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀሪ ተባለች። ለጋብቻ ስትደርስ ደግሞ እጮኛ መጣላት፤ ነስረዲን የሚባል፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ደህና ልጅ። ነስረዲን ፍቅር ሲጸናበት «ማሬ» ማለት ጀመረ። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ገበያተኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ማሬ! ማሬ!» ብሎ ቢጣራ ሲቲ እህሏን አሸክማ ጥላው አለፈች። ገበያው ሳቀበት። ጋብቻውም ከዱቄቱ ጋር በነነ። እናቷ «ልጄ፣ አንች ለዚህ አገር አትሆኝም» አለቻትና ለደላላ ሰጠቻት፤ ለየትኛው አገር እንደምትሆን ግን አልነገረቻትም።

የደረሰችበት ቤት ኦብሑር ነው፤ ባሕሩ ዳር፣ ግንቡ ከፍ ያለ ቪላ። ባለቤቱ ባባ ብዙውን ጊዜ በሥራ ሪያድ ነው። ቤቱን የምትገዛው መዳም ዓቢር ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ አሮጊት እናቷ ሐጃም አብረዋት ይኖራሉ። መዳም ፓስፖርቱን ገልጣ ስሙን አንዴ በልቧ፣ አንዴ በድምፅ አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሲቲ?»

«አቤት» አለች ሲቲ፣ በአማርኛ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጅዳና በመካ ሰው አፍ «ሲቲ» ማለት «እመቤቴ» ማለት ነው። ልጆች አያታቸውን የሚጠሩትም፣ የድሮ ገረዶች አሳዳሪያቸውን የሚለማመጡትም በዚችው ቃል ነው። በወሎ ግን ሲቲ ማለት ሲቲ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ ሁለት ሲቲ አያጣም።

«እኔ? በገዛ ቤቴ? ሠራተኛዬን እመቤቴ ልላት?» መዳም ፓስፖርቱን ከደነችው። «ኸላስ፣ በቃ። ስምሽ ሳራ ነው።»

ከሲቲ በፊት የነበረችውም ሳራ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበረችው ኢንዶኔዥያዊትም ሳራ ነበረች። በዚያ ቤት ሳራ የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ እንደ «ሹፌር» የሥራ መደብ ሆኗል። ሌላ ልጅ ብትሆን በሆዷ «ምን ቸገረኝ» ብላ ሳራ ትሆንና ታድር ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩት አድርገውታል። ሲቲ ግን መዳም «ሳራ! ያ ሳራ!» እያለች ፎቅና ምድሩን ስታናጋ፣ መወልወያዋን ይዛ በእርጋታ ትወለውላለች። አላመፀችም፤ ማመፅ የሚችለው የተጠራ ሰው ነው። እሷን የጠራት የለም። ሳራ የምትባለዋ ሴት ቶሎ ብትመጣ ግን ደስ ይላት ነበር፤ ሥራው ብዙ ነው።

መዳም አጨበጨበች። ሲቲ ቀና ብላ አላየችም። መዳም ማንኪያ በብርጭቆ መታች። ልጆቹ ከኋላዋ መጥተው «ሳራ!» ብለው ጮኹባትና ምንም ሳትደነግጥ ስታልፋቸው ሽንታቸው እስኪያመልጣቸው ሳቁ። ሐጃ ብቻ ከወንበራቸው ሆነው በጥርጣሬ ያዩዋታል፤ ምክንያቱም ልጆቹ «ሲቲ! ውኃ!» ብለው አያታቸውን ሲጠሩ፣ ከወጥ ቤት «አቤት!» የሚል ይሰማቸዋል፤ ውኃውም ከተፍ ይላል።

«ይቺ ልጅ ስትፈልግ ትሰማለች» አሉ ሐጃ።

«ደንቆሮ ናት እናቴ! ደንቆሮ ሸጡልኝ!» አለች መዳም፤ እሷም ብዙ አልተሳሳተችም፤ መሸጡ ላይ።

ሠራተኛ ያስመጣላት መክተብ የሚሉት ቢሮ ለሦስት ወር ዋስትና ሰጥቷታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉድለት የተገኘባት ልጅ ተመልሳ በሌላ ትለወጣለች። ጸሐፊው በስልክ አስረዳት። የማትሰማ ከሆነች የሐኪም ወረቀት አምጪና እንለውጥልሽ፤ እየሰማች የማትታዘዝ ከሆነች ግን ያ ጉድለት ሳይሆን ጠባይ ነው፤ ጠባይ ዋስትናው ውስጥ የለም። መዳም ሲቲን በመኪና ጭና ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደቻት። ሲቲም ነገሩ ገባት። ደንቆሮ ከተባለች እንደ ዕቃ ተመልሳ፣ ምናልባትም አገሯ ትገባለች፤ ትሰማለች ከተባለች ከመዳም ጋር ጦርነት ነው። ከሁለቱም የሚያድናት ሳራ መሆን ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አልቻለችበትም።

የክሊኒኩ የጆሮ ሐኪም ዶክተር በየነ ናቸው፤ የአገር ልጅ፣ ጠጉራቸው ሸበት ያለ፣ በወጣትነታቸው የትግል ወረቀት ሲያባዙ ከማተሚያ ቀለም እጃቸው ጸድቶ የማያውቅ፣ አሁን ግን እጃቸውን በቀን ሃያ ጊዜ በአልኮል የሚታጠቡ ሰው። መዳም ስልኳ ጮኾ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ዶክተሩ ካርዱን አነበቡ፣ ከሲቲ ኋላ ዞሩና በሹክሹክታ «ሲቲ ይመር» አሉ።

«አቤት!» ብላ ከወንበሩ ተነሳች።

ዶክተሩ ሳቁ። «ጆሮሽ ከእኔ ጆሮ ይሻላል እህቴ። መዳምሽ ከመጣሽ ጀምሮ ጠርቻት ሰምታኝ አታውቅም ትላለች እኮ።»

«ሳራ የምትባል ሰው ነው የምትጠራ። እኔ ምን አግብቶኝ ዶክተር?»

«ሳራ ያለችው አንቺን እንደሆነ አጥተሽው ነው?»

«በስሙ ያልተጠራ አልተጠራም። የኛ አገር ሕግ ነው።»

ዶክተሩ የያዙትን የጆሮ መመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «የየት አገር ሕግ?»

«የወረ ገልማ። ሐሩን አባ ቦራ ያወጡት። የአባቴ አያት ናቸው።»

ዶክተር በየነ የሆኑትን ለመረዳት፣ ከሁለት ጁምዓ በፊት የጅዳ ምሁራን፣ መሐንዲሶችና የአየር መንገድ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ያቀረቡትን ጥናት ማወቅ ያስፈልጋል። ርእሱ «የሐሩን አባ ቦራ የሞራል እሴቶችና የአመራር ትምህርቶች» ይላል። ትምህርቶቹ በሰባት ምሰሶ ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ራእይ፣ ሁለተኛው ቡድናዊ መንፈስ ነው፤ ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልካቸውን ባለመስማት የታወቁት የእኚሁ ሰው «ውጤታማ የማዳመጥ ክህሎት» ነው። ተሰብሳቢው አጨብጭቧል። ሳንቡሳም ነበር።

«እህቴ!» አሉ ዶክተሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በታሪክ ፊት ነው የቆምኩት!»

«ታዲያ ይቀመጡ እንጂ።»

ተቀመጡ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ እንዴት እንደተያዙ ይነገራል እናንተ ቤት?» አሏት።

«የሚስታቸው ወንድም ነው የሸጣቸው። ዓለም ያወቀው ነው።»

«አይደለም። ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሳለ ገዢው ራሱ ከገደሉ ሥር መጥቶ ቆመ። ወታደሮቹን ዝም አሰኘና ‹ሐሩን! የዓሊ ልጅ ሐሩን!› ብሎ ተጣራ። እሳቸው ደግሞ...»

«እሳቸው ምን?»

«‹አቤት!› አሉ። አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ናቸው የነገሩኝ፤ አባታቸው ከወታደሮቹ ጋር ቆሞ ሰምቷል።»

ሲቲ ፊቷ እሳት ሆነ። «ወላሂ ውሸት ነው! የኛ አያት እንዲህ ያለ ጅል አይደሉም! ተደብቆ አቤት የሚል ሰው የት ይገኛል?»

«እኔም ጥናቱ ውስጥ አላስገባሁትም» አሉ ዶክተሩ፤ «ለአመራር ሥልጠና አይመችም።»

ይህንን ተናግረው ሲያበቁ ታላቅ ወንድም ወንድም የሚሸት ምክር ሊሰጧት ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ስሚኝ፤ እዚህ አገር ያለንበትን ተጨባጭ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ሳራ ስትልሽ አቤት በያት። ስም እኮ ምልክት ብቻ ነው። ዋናው ውስጥሽ ነው፤ ውስጥሽን ማን ይነካዋል?»

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «ዶክተር በያን! ቀጣዩ ታካሚ ቆሟል» አለች።

«ነዓም፣ ነዓም» አሉ ዶክተር በየነ።

ሲቲ አንዴ ነርሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። «በያን ማነው?»

«ያው እኔ ነኝ። አነጋገራቸው እንዲህ ነው፤ ይቀራረባል እኮ።»

«ይቀራረባል» አለች ሲቲ።

ዶክተሩ ሰባቱን ምሰሶዎች ደግፈው የያዙ ጀግና ቢሆኑም፣ ከመዳምም ከመክተቡም ጋር መጋጨት አላሻቸውም። ደንቆሮ ናት ብለው ቢጽፉ ውሸት ይሆናል፤ ትሰማለች ቢሉ ልጅቷ ትጎዳለች። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። የጆሮ ጠብታ አዘዙ። ሕክምናው እስኪያልቅ ውሳኔ እንዳይሰጥ፣ ዋስትናውም እስከዚያው እንዲራዘም ወረቀት ጻፉና፣ ሲቲ ስትወጣ ለሚታተመው ጥናታቸው አንድ ፎቶ አነሷት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ ሲቲ ሶፋው ላይ ትጋደማለች፤ መዳም ዓቢር ራሷን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በየጆሮዋ ጠብታውን ታንጠባጥባለች። ስንት መጽሔት የተጻፈለት የመደብ ቅራኔ በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ በቀላሉ ተገልብጦ አያውቅም። አሳዳሪ ታገለግላለች፤ ገረድ ትተኛለች። ሐጃ ከወንበራቸው ሆነው በሻርፓቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ።

ግን ጠብታ ያልቃል። ረመዷን ሲቃረብ መዳም ለበዓል ጨርቅ ልትገዛ ወደ ጅዳ አሮጌ ገበያ፣ አል-ባላድ፣ ሄደች፤ ሲቲ ዕቃ ተሸካሚ ሆና ተከተለች። ከሱቆቹ መካከል አንዲት ጥቁር በጥቁር የለበሰች ሴት ክንዷን ያዘቻት። ያገሯ ልጅ ራሕመት ናት፤ ከአሳዳሪዎቿ ቤት ጠፍታ፣ እዚያው አል-ባላድ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በየሰው ቤት እየሠራች የምትኖር። መዳም ከነጋዴው ጋር ስትከራከር ሁለቱ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው አወሩ፤ ሲቲም የጠብታውን ነገር ነገረቻት።

«አንች፣ እስካሁን እዚያ ግንብ ውስጥ ነሽ? ጠብታው ሲያልቅ ይመልሱሽ የለም እንዴ?»

«ይመልሱኛል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? መላእክት? ለዑምራ መካ ትወርዱ የለም በረመዷን? መኪናችሁን ኩዳይ ነው የምታቆሙት፤ ሁሉም እዚያ አቁሞ ነው በአውቶቡስ ሐረም የሚገባ። ስትመለሱ እዚያ እጠብቅሻለሁ። ጣሂር የሚባል ሹፌር አለን፤ መኪናውን አዘጋጅቶ ይቆማል። እጄን ትይዣለሽ፣ ኸላስ፣ ሰው ነሽ።»

«ኢቃማስ? የመኖሪያ ወረቀቴ እሷ እጅ ነው።»

«የኔስ የት ያለ ይመስልሻል? እይኝ እንግዲህ፣ ሞቻለሁ?» ራሕመት ኒቃቧን ገልጣ ምላሷን አወጣችላት። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስትጠራሽ እንዳትዞሪ።»

«እሷ እኔን ጠርታኝ አታውቅም» አለች ሲቲ፣ በሙሉ ልብ።

ረመዷን ገባ። የኦብሑሩ ቤተሰብ በመካው ታላቅ መስጊድ ዑምራውን አድርሶ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐዩ ትንሽ ሲበርድ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ኩዳይ ተመለሰ። የሕዝብ ብዛት ያው ነው፤ የዓለም ሙስሊም ሁሉ መኪናውን እዚያ ያቆመ ይመስላል። መዳም ሕፃኑን አቅፋ፣ ሁለቱን ትልልቆች እያስከተለች ትታገላለች። ሲቲ ሐጃን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነው። ከምሰሶው ሥር ራሕመትን አየቻት፤ ኒቃቧ ላይ ቀይ ክር ለምልክት ሰፍታለች። ሲቲ ወንበሩን ከመዳም ጎን አቆመች፣ መቆለፊያውን ረገጠች፣ የሐጃን ሻርፕ አስተካከለች፣ ጨዋ ናትና የውኃ ኮዳውንም ጭናቸው ላይ አኖረች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ሕዝቡ ዋጣት።

«ነይ ነይ ነይ» አለች ራሕመት እጇን ይዛ። «እንዳትሮጭ፤ የሚሮጥ ይታያል።»

ከኋላቸው የመዳም ድምፅ ተሰማ። «ሳራ! ያ ሳራ!»

ያኔ ነው ተአምሩ። ከግራ «ነዓም መዳም!» አለች አንዷ። ከቀኝ «አይዋ!» ከአውቶቡሱ በር «መጣሁ!» ከምሰሶው ወዲያ ሦስት እጅ በአንዴ ተነሳ። ኩዳይ በሳራ ተሞልቷል። ከወሎ የመጣች ሳራ፣ ከጅማ የመጣች ሳራ፣ ከጃቫ የመጣች ሳራ፣ ሁሉም ዕቃ የተሸከሙ፣ ሁሉም የተጠሩ መስሏቸው ወደ መዳም ዓቢር ይጋፋሉ። አሳዳሪዎቻቸው ደግሞ በየበኩላቸው «ሳራ! ወዴት ነሽ ሳራ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። ሲቲ ከኒቃቧ ሥር ሳቋን መያዝ አቃታት። ስንቱ ልጅ አባቱ ያወጣለትን ስም በየአሳዳሪው ቤት ትቶ፣ በትርፍ ስም ኩዳይ ይጋፋል! እሷ ብቻ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያልተጠራች፣ ቀላል፣ ነፃ ሰው ነበረች። የጣሂር መኪና ታየች፤ በሩ ተከፍቷል።

መዳም ዝም አለች። ምናልባት የሕፃኑ ለቅሶ አሸነፋት፤ ምናልባት ሐጃ አንድ ነገር አሏት፤ ምናልባትም ልጅቷ ተረግጣ ሞታ ይሆናል የሚል ሐሳብ ገባት፤ ሰው የሚሉት ነገር አንዳንዴ የማይጠበቅበት ቦታ ይገኛል። ድምፅዋ እንደገና ሲመጣ ተሰንጥቋል።

«ሲቲ! ያ ሲቲ! ሲቲ ይመር!»

አሮጊቶች ሁሉ ዞሩ። ሐጃም ከወንበራቸው «ሃ ልጄ!» አሉ። ራሕመት የሲቲን ክንድ በጥፍሯ ጨመደደች።

«ዝም በይ! አንች፣ ስሞትልሽ፣ እንዳትይ! መኪናው እዚህ ነው፣ ይኸው በሩ፣ እንዳትይ...»

«አቤት!» አለች ሲቲ።

አላሰበችበትም። ማሰብ ቢሆን ኖሮ ራሕመት ጋር መኪና ውስጥ ነበረች። ቃሉ እንደ ማስነጠስ ወጣ፤ ወጥቶም አላበቃ፣ እግሯን ይዟት ዞረ። «ትዕቢተኛ! ጅል! የጅል ዘር!» እያለች ራሕመት ከኋላ ስትሰድባት ሰማች። እሷ ደግሞ በሕዝቡ መሃል እየገፋች ስትመለስ የገደሉ ጫፍ ታያት፤ ከታች የቆመው ገዢ፣ ከዋሻው የሚወጡት አዛውንት። የሚስታቸው ወንድም አልሸጣቸውም። ማንም አልሸጣቸውም።

አንድ የአውቶቡስ ተራ አስከባሪ የመዳምን እንባና ጥሪ አይቶ ነበርና፣ ሲቲ ከፊቷ ስትቆም ተቆጥቶ ተቀበላት። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሲቲ ደግሞ በቁመት ትበልጣለች።

«አላህን አትፈሪም ወይ? ሠራተኛሽ ‹እመቤቴ፣ እመቤቴ› እያለች ልጅ ታቅፋ ስታለቅስ ጥለሻት የት ትሄጃለሽ? በረመዷን!»

«አፉ በለኝ» አለች ሲቲ በምታውቃት አረብኛ። ሕፃኑን ከመዳም ተቀበለች። ሐጃ ሳቃቸው ጾማቸውን እስኪያሳስባቸው ሳቁ።

ወደ ጅዳ ሲመለሱ መዳም ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሳትዞር ተናገረች።

«ትሰሚያለሽ ማለት ነው።»

«ሲጠሩኝ እሰማለሁ።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ያ ሁሉ ጠብታስ?»

«አላህ ይስጥሽ፤ ጆሮዬን አጥርቶልኛል።»

«እናቴ ትመስክር፤ ነገ ወደ መክተብ ትመለሻለሽ።»

«ማን ሊገፋኝ?» አሉ ሐጃ። «ሌላ ሳራ? ያለፈችው ሳራ ከነወንበሬ ደረጃ ላይ ለቃኛለች። ይቺ ስትጠፋ እንኳ ወንበሬን ቆልፋ ነው የጠፋችው።»

ከዚያ ድርድር ተጀመረ፤ በታሪክ ከሚጠሩት ድርድሮች ብዙዎቹ ከዚህ ባነሰ ጉዳይ የተደረጉ ናቸው። በቤት ሰው ፊት ሲቲ ብላ ትጠራታለች፤ እሺ። በእንግዳ ፊት ግን ሞታ ትገኛለች እንጂ አታደርገውም።

«አጨበጭባለሁ» አለች መዳም።

«በጭብጨባ የሚሄደው ዶሮ ነው።»

«ደወል እገዛለሁ።»

«ደወሉ ስሜን ያውቀዋል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ካፈርሽበት ተነሽና ነይ። ወጥ ቤት መጥተሽ በጆሮዬ ንገሪኝ።»

እንዲሁ ሆነ። ሲቲ የዛን ሰሞን አባቷ ጋ ደውላ፣ የቅድመ አያቷን ሚስት ወንድም ዘሮች ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገረችው። አባቷ መስመሩ የተበላሸ መስሎት ዘጋው። ዶክተር በየነ ጥናታቸውን አሳተሙ፤ ስምንተኛ ምሰሶ ተጨምሮበታል፤ «ስልታዊ ዝምታ» ይላል፤ ከሥሩ የሲቲ ፎቶ አለ፤ ስሟ ግን «አንዲት የአገራችን ሴት» ተብሏል።

ስለ ድሉ ማውራት ካስፈለገ ድሉ ይህ ነው። ድሮ «ሳራ» እየተባለ ቤቱ ሲናወጥ ሲቲ ዕረፍት ነበራት። አሁን የተጠራች ሰው ናትና ከማለዳ ሱብሒ እስከ ማታ ዒሻ «ሲቲ!» በተባለ ቁጥር አቤት ትላለች። ልጆቹ አያታቸውን ሲጠሩም ትሄዳለች፤ ለየትኛዋ እንደሆነ ሳያረጋግጡ መቅረት አይቻልማ። እግሯ አብጧል። ራሕመት በስልክ «እንኳን ለነፃነትሽ አበቃሽ እቴ» እያለች ትስቅባታለች፤ ሲቲም «ሰድበሽኝ ሙቺ፤ በስሜ እስከሆነ ድረስ» ትላታለች።

የመዳም ዓቢር ስም ደግሞ በኦብሑር ወይዛዝርት ዘንድ ገነነ። እንግዳ በተሰበሰበ ቁጥር እሷ ከሶፋዋ ትነሳለች፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ ያን ረጅም ኮሪደር አልፋ ወጥ ቤት ትሄዳለች። «ማሻአላህ፣ ዓቢር እኮ ለሠራተኛ አትተውም» ይላሉ እንግዶቹ፤ «ራሷ ነው የምትነሳው።» እሷም ይህን ከሰማች ወዲህ ሲያሻትም ሳያሻትም መነሳት አበዛች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሴት ሳሎን ተቀምጦ አንዷ ስለ ምራቷ ሳታቋርጥ ስታወራ፣ መዳም ተነስታ ወጥ ቤት መጣች። በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው።

«ሲቲ» አለች፣ በቀስታ።

«አቤት።»

መዳም የመጣችበትን ነገር ረሳችው። ሻዩ ቀርቧል፣ ተምሩም ገብቷል። ሲቲ እጇን በሽርጧ እያበሰች ጠበቀች፤ መዳም በሩን ተደግፋ ቆመች። ከሳሎኑ የሴትዮዋ ወሬ በሩቁ ይሰማል።

«ምንም አልፈልግም» አለች መዳም በመጨረሻ። «ያቺ ሴትዮ ወሬዋን እስክትጨርስ ነው።»

ሲቲ በእግሯ የወጥ ቤቱን በርጩማ ወደ እሷ ገፋችላትና ትሪውን ማድረቅ ቀጠለች።